ወይን የታተመበት መገነዣ

ዷ! ዷ! ዷ! በጣሊያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ የነበረ ሰው ያን ድምፅ አይረሳውም። ማለዳ ማለዳ፣ ከጣሊያኑ ሹም ግቢ፣ የተቀረጸ እንጨት በጨርቅ ላይ ሲመታ ይሰማ ነበር። ሲኞራ የሚሏት የሹሙ ሚስት አገሯ ሳለች ከጨርቅ አታሚ ቤት የተማረችውን ሙያ ይዛ መጥታ፣ መጋረጃና የጠረጴዛ ልብስ ታሳትም ነበር። መቺዋ የብርጓል ናት፤ አምበር ተወልዳ፣ ለአበረ ተድራ ማርቆስ የገባች።

የብርጓል ባለእጅ ነበረች። የእንጨቱን ማኅተም ሰማያዊ ቀለም አስነክታ፣ ትንፋሿን ውጣ ስትመታው፣ በአንዱ የወይን ዘለላና በሌላው መካከል ፀጉር አያልፍም። እዚያ የገባችው ግን ለእንጀራ ብላ አልነበረም። አበረ ለአርበኞች ስንቅ አቀብለሃል ተብሎ ከታሰረ አራት ወሩ ነው፤ ደጅ ብጠና ሲኞራዋ ታስፈታልኛለች ብላ ነው።

በ፲፱፻፴፩ ኅዳር አርበኞች መንገዱን ቢቆርጡት ነጭ ጨርቅ አለቀ። ለእሑድ ግብር ደግሞ ትልልቅ ሹማምንት ይመጣሉ። አስተርጓሚው ፈንታ ጠራት።

«ስሚ፤ አሥር ክንድ ነጭ አምጥተሽ ካተምሽበት ባልሽ ይፈታል ብላለች።»

«ማርያምን በል!»

«እኔን ምን ታስምይኛለሽ? አፉ እንጂ ቃሉ የእኔ አይደለም።»

አሥር ክንድ ነጭ በቤቷ አንድ ብቻ ነበር፤ የአማቷ የወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት መገነዣ። አሮጊቷ ጥጡን ሰባት ዓመት ፈትለው፣ ይጁቤ ሸማኔ ዘንድ አሠርተው፣ ጠበል አስረጭተው ያስቀመጡት ነው። የብርጓል ነገሩን እያለቀሰች ብትነግራቸው ራሳቸው ሣጥኑን ከፈቱ።

«ምን ያነፋርቅሻል? እንኪ! ልጄ ይግባልኝ እንጂ፣ እኔን ሰሌን የሚነሳኝ የለም።»

«እሜቴ፣ ወይን ሊታተምበት እኮ ነው።»

«እሰይ! እንግዲያ ሳልሞት የወይን ቦታ ገዛሁ በይኛ!»

ሦስት ቀን መታችው። በመታች ቁጥር በልቧ «አበረ» ትላለች። ቅዳሜ ሲኞራዋ ጨርቁን በመስኮቱ ብርሃን ዘርግታ አየችው፤ ጠርዙን በጣቷ ዳሰሰችው፤ ፈገግ አለች። የብርጓል እግሯ ላይ ወደቀች።

«እመቤቴ፣ ቃልዎን!»

ፈንታ ተረጎመላት። ሴትዮዋ ዓይኗን ከወይኑ ሳትነቅል አንድ ነገር ተናገረች። ፈንታ አንገቱን ደፋ።

«ምን አለች? ንገረኝ እንጂ!»

«አበረ... ሰኞ ከሌሎቹ ጋር ተረሽኗል።»

«የትኛው ሰኞ? ማክሰኞ አይደለም እንዴ ጨርቁን አምጪ ያልከኝ?»

«ያለፈው ሰኞ ነው።»

«ታውቅ ነበር?»

«እሷ ታውቅ ነበር። ሥራው እንዳይጓደል አትንገራት አለችኝ። እኔስ አንገት የለኝም?»

ሲኞራዋ ጨርቁን እያጠፈች ደግማ ተናገረች። ፈንታ ተረጎመ።

«እጅሽን ወዳዋለች። ለአልጋ የሚሆን ሌላ ነጭ ቤትሽ ይገኝ እንደሆነ ትጠይቅሻለች።»

የብርጓል ከወለሉ ተነሣች። እጇ እስከ ክርኗ ሰማያዊ ነበር። ሲኞራዋ መልስ ስትጠብቅ ቅንድቧን አነሣች።

«የብርጓል፣ ምን ልበላት?» አለ ፈንታ።

እጅ ሳትነሳ፣ ደኅና ዋሉ ሳትል፣ በሩን ከፍታ ወጣች።