ዋጋ አልጠራም ያሉት

ሥራዋን ለሰው ማስረዳት ሁልጊዜ ያስቸግራታል። "የግብርናና የአካባቢ ኢኮኖሚስት ነኝ" ስትል አንዱ የማዳበሪያ ዋጋ ይጠይቃታል፣ ሌላው ግቢው ውስጥ የደረቀበትን የሎሚ ዛፍ መጥታ እንድታይለት ይለምናታል። አባቷ ግን አልተቸገሩም። "ልጄ ገበያ ለማይወጣ ነገር ዋጋ ታወጣለታለች" ይሉ ነበር። ምን ማለት እንደሆነ የሚጠይቃቸው ካለ ደግሞ "አንተ ምን ይገባሃል!" ብለው ያልፉታል።

እሳቸው ቅርጫት ሠሪ ናቸው። ከመንደሩ በታች ካለው ረግረግ ሸምበቆ እያጨዱ ነው ያስተማሯት። ሸምበቆው ጣታቸውን ቆራርጦ ቆራርጦ አሻራቸውን አጥፍቶታል፤ ባንክ ሄደው ጣታቸውን ሲያስነኩ ማሽኑ አላውቅዎትም ይላቸዋል። "ደሞ እሱን ማን ያውቀዋል!" ብለው ይስቃሉ።

ረግረጉን አድርቆ የመስኖ እርሻ የማድረግ ሐሳብ ሲመጣ፣ ጥናቱን እኔ ልሥራ ያለችው ራሷ ናት።

"የተወለድሽበት መንደር አይደል እንዴ? አዳላች ይሉሻል" አላት አለቃዋ።

"ቁጥር አያዳላም" አለችው። በልቧ ግን ሌላ ነገር ነበር። የረግረጉ ጥቅም አንድ ጊዜ በቁጥር ከተጻፈ ማንም እንደማይደፍረው እርግጠኛ ነበረች። አባቷም "ልጄ ይዛዋለች፣ ሐሳብ አይግባችሁ" እያሉ ጎረቤቱን ሁሉ አጽናኑ።

የሥራው ዘዴ እንዲህ ነው። ሰዉ ቤት ለቤት ይጠየቃል፤ ረግረጉ ቢደርቅብዎት በዓመት ስንት ቢካሱ ይስማማሉ ይባላል። መልሱ ይደመርና የረግረጉ ዋጋ ይሆናል። ዋጋ አልጠራም ያለ ሰው ጥያቄውን እንዳልመለሰ ተቆጥሮ ከሒሳቡ ይወጣል። ጠያቂ ደግሞ መልስ ሹክ ማለት የለበትም፣ ለገዛ አባቱም ቢሆን። አባቷ ዘንድ ሌላ ጠያቂ ልካ ነበር፤ "ልጄ ራሷ ትምጣ" ብለው መለሱት።

በራፋቸው ላይ ቅርጫት እየሠሩ ጥያቄውን ሰሙና ከት ብለው ሳቁ።

"አንቺ ደሞ! ረግረግ ይሸጣል?"

"አይሸጥም እኮ አባባ። እንዲያው ቢሆን፣ ስንት ይላሉ?"

"ምንም ቢሆን አልልም።"

"የመጣልዎትን አንድ ቁጥር ይበሉ።"

"አንቺ ትሙቺ አልልም! አባቴ ዋጋ አልጠራም አለ ብለሽ ጻፊ።"

ይህን ሲሉ ዓይናቸው በኩራት ያበራ ነበር፤ ያገዟት መስሏቸዋል። "እንዲህ ካሉ እኮ አልቆጥርዎትም" የሚለው ቃል አፏ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ በየደጁ የሰማችው ይህንኑ ነው። ሸምበቆ አጫጁም፣ አሣ አጥማጁም፣ ከብት የሚያጠጣውም የተማከሩ ይመስል ዋጋ አንጠራም አሉ። የጠሩት አውራ መንገድ ዳር ያሉት ባለሱቆች ናቸው። ለእነሱ ረግረጉ የትንኝ መፈልፈያ ነው፤ የጠሩለትም ዋጋ እንደዚያው ነው። ሲደመር የእርሻው ጥቅም በሰፊው በለጠ። ስለ እምቢ ባዮቹ በጥናቱ መጨረሻ አንድ አንቀጽ ጽፋ ነበር። ውሳኔ የሚሰጡ ሰዎች ከመጀመሪያው ገጽ እንደማያልፉ ግን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

ረግረጉ ደረቀ። እሷ እድገት አገኘች፣ ጥናቷም የማስተማሪያ ምሳሌ ሆነ። አባቷ በፕላስቲክ ገመድ ቅርጫት ሊሠሩ ሞከሩ፤ እጃቸው እምቢ አላቸውና ተዉት። አንድም ቀን አልወቀሷትም፤ እሱ ነው የባሰባት። ሲታመሙ ቤቷ አምጥታ መስኮቱ ሥር አስተኛቻቸው።

አንድ ከሰዓት ሾርባ ልታጠጣቸው ስትል ማንኪያውን በእጃቸው መለስ አደረጉት።

"ያኔ ስንት ብልሽ ነበር የሚሻለው?"

ያኔ መቼ ነው አላለችም። መልሱን ታውቀዋለች። ጥናቱን ካስረከበች በኋላ ብቻዋን ተቀምጣ ሠርታዋለች፤ እምቢ ያሉት እያንዳንዳቸው በዓመት የጥቂት ቅርጫት ዋጋ ቢጠሩ ኖሮ ረግረጉ ይተርፍ ነበር።

"ምንም ቢሉ ያው ነበር አባባ" አለች። "ሰዎቹ እርሻ ሊያደርጉት ወስነው ነው የመጡት።"

"እውነትሽን ነው?"

"እውነቴን ነው።"

በረጅሙ ተነፈሱ። "እኔ እኮ ዋጋ ያልጠራ አልተቆጠረም ሲሉ ሰምቼ፣ በኔ የጠፋ መስሎኝ ነው። አንቺ ከመምጣትሽ በፊት በየቤቱ የዞርኩት እኔ ነኝ። 'ዋጋ እንዳትጠሩ፣ ልጄን ታሳፍሯታላችሁ' ስላቸው ሰሙኝ። ከዚያ ወዲህ ያን ሁሉ ሰው ቀና ብዬ ማየት አቅቶኝ ነበር።" ትራሳቸው ላይ ደልደል አሉ። "እንኳን ያው ሆነ። በይ እስቲ፣ ሾርባውን አምጪው፤ አሁን ራበኝ።"

ቀዝቅዟል ላሙቀው ብላ ወደ ማድ ቤት ገባች። ምድጃውን ሳትለኩስ፣ እንዳይሰሟት አፏን በእጇ ይዛ አለቀሰች።