ጦርነቱ ውስጥ የገባው የአባቴ ሽመና

ለሦስት ሆነን የምንሠራው፣ ስልክ ላይ የሚደመጥ የሳይንስ ልብ ወለድ ተከታታይ ነበረን። እኔና ጓደኛዬ በየተራ እንጽፋለን፤ እናቷ ሽሮ ሜዳ ነጠላ የምትሸጥ ጎረቤታችን ደግሞ ታነብበዋለች። ታሪኩ አንድ ፀሐይ ስለሚጋሩ ሁለት ባላንጣ ዓለሞች ነው። እኔ በጻፍኳቸው ክፍሎች ሁሉ ጦሮቹ ይፋጠጣሉ፣ ይዛዛታሉ፣ በመጨረሻው ሰዓት አንዱ ወገን ይመለሳል። ሙሉ ጦርነት ከተከፈተ ወዲያ የሚተረክ ነገር አይተርፍም ብዬ አምን ነበር።

"ወንድሜ፣ ጎራዴው ስንት ጊዜ ተመዞ ወደ አፎቱ ይመለሳል?" ይለኛል ጓደኛዬ። "በቃ፣ አንድ ቀን እንኳ ይቁረጥ።"

የምንቀዳው እኛ ቤት ነው። የጓዳችን ግድግዳ ወፍራም ጭቃ ስለሆነ የመንገዱን ጫጫታ አያስገባም። ችግሩ አባቴ ነው፤ ከጓዳው ቀጥሎ ባለው ክፍል ሲሸምን ይውላል። መወርወሪያው አልፎ ማጉ በተመታ ቁጥር ግድግዳው ይነዝራል። ስለዚህ ከመቅዳታችን በፊት ሁልጊዜ "አባዬ፣ ትንሽ አረፍ በልልን" እለዋለሁ። እያጉረመረመ እጁን ይሰበስባል።

አንድ ቅዳሜ ቁስቋም ለቅሶ ሄጄ ሳለ ሁለቱ የጓደኛዬን ተራ ያለ እኔ ቀዱ። ስመለስ ቁልቁለቱን እየወረድኩ አደመጥኩት። ጦርነቱን ከፍቶታል። ድርድር የለም፣ የመጨረሻ ሰዓት የለም። ከድምጿ ሥር መድፍ ይሰማል፤ ከባድ፣ እኩል በእኩል የሚመታ። ከተማዋ ስትወድቅ መድፉ ድንገት ጸጥ አለ። ድምጿ ብቻውን ቀረ። ከዚያ መድፉ ቀስ ብሎ እንደገና ጀመረ።

መንገዱ መሐል ቆምኩ። ያንን ምት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አባቴን አረፍ በል ለማለት አፍረው እየሸመነ ቀድተዋል ማለት ነው። ጸጥታው ደግሞ ክር ተበጥሶበት ሲቋጥር ነው።

አድማጩ አበደ። "መድፉን በምን ሠራችሁት?" "ያ ዝምታ ገደለኝ።" እኔ ስጽፍ የሚመጣልኝ "በርቱ" የምትል ቃል ነበረች።

ማታውኑ ሁለቱንም አገኘኋቸው። "ጠፈር ላይ አየር የለም" አልኩ። "የመድፍ ድምፅ አይሰማም።"

ጓደኛዬ ሳቀ። "እሱን ለአባትህ ንገራቸው።"

እሷ አልሳቀችም። "አንተ ሁልጊዜ በሩ ላይ ታቆመኛለህ" አለችኝ። "ወንድሜ ሲዘምት በሩ ላይ አልቆመም። ያን ዝምታ እኔ አውቀዋለሁ። ስልኩ አልጠራ ሲል ቤታችን እንደዚያ ነበር።"

ወንድሟ መዝመቱን ለእኔ ነግራኝ አታውቅም። ጓደኛዬ ግን አልደነገጠም፤ ዓይኑን ዝቅ አደረገ እንጂ። ቀድሞ ያውቅ ነበር። መድፉንም ዝምታውንም ልረሳለት እችል ይሆናል፤ ያንን ዝቅ ያለ ዓይን ግን አልቻልኩም።

"ጦርነቱ ይቀጥላል" አለች። "አንዱን ዓለም እሱ ይጻፍ፣ ሌላውን አንተ። ካልፈለግክ ሁለታችን እንጨርሰዋለን።"

"ሁለታችን" ያለችው እሷንና እሱን ነው! "እጽፋለሁ" አልኩ።

አባቴ ወሬውን ከጎረቤት ሰምቶ ኖሮ ሲያየኝ ፈገግ አለ። "ለሰው ልጅ መድፍ ሆኜ ዋልኩ አሉ። ለገዛ ልጄ ግን እጄን አጣጥፌ ስቀመጥ ኖርኩ።"

ስንት ጦር ከደጅ የመለስኩት እኔ፣ መጀመሪያ የተኮሰው የእኔ ወገን እንዲሆን አድርጌ ጻፍኩ። የተኮስኩት ጓደኛዬ በጣም የሚወዳት ከተማ ላይ ነው፤ ድልድይዋን፣ የውኃ ማማዋን፣ በሮቿን በየክፍሉ አንድ በአንድ የገነባላት። እሱ የረሳውን ሁሉ አስታውሼ አንድ በአንድ አቃጠልኩ። የመጨረሻው በር ሲወድቅ ዝምታ እንዲሆን አሰብኩ። ከእሱ የሚበልጥ ዝምታ።

በምንቀዳበት ቀን አባቴን "ዛሬ እንዳታርፍ" አልኩት። ትንሽ አመነታሁና ጨመርኩ፤ "ክሩ... ማለቴ፣ መሐል ላይ አይበጠስም?"

መወርወሪያውን ይዞ አፈጠጠብኝ። "ለሸማኔ እንዲህ ይባላል? እርግማን እኮ ነው! ሂድ ከፊቴ።"

ስጠቅስህ ቁም ልለው እችል ነበር። ግን የጓደኛዬ ዝምታ ማንም ሳያዘው የመጣ ነው። የእኔ ታዞ ቢመጣ እሷ ታውቅብኛለች።

ማንበብ ጀመረች። ድልድዩ ወደቀ፣ ማማው ወደቀ። አባቴ ያለማቋረጥ ይመታል። የመጨረሻው በር ጋ ስትደርስ በአባቴ ክፍል በር ስንጥቅ ድሩን አየሁት፤ ነጭ፣ ውጥር ብሎ ተዘርግቷል። አንዷ ክር ብትበጠስ ብዬ ለመንኩ። ጓደኛዬ ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮው አንሥቶ እኔን ያያል። እሷም ለአፍታ አንገቷን ቀና አድርጋ ጠበቀች።

አባቴ ማንጎራጎር ጀመረ። ድሩ እንደዚያ ቀን ጠንክሮለት አያውቅም።