ሳይለሰን የቀረ ግድግዳ

ስለ ቀለም በጥቁርና ነጭ ፎቶኮፒ አስተምሬ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ አይደለም፣ አሥራ ሁለት ዓመት። ሆሳዕና ውስጥ አንዲት ትንሽ የግል ኮሌጅ አለች፤ እዚያ የጥበብ ታሪክ የሚባለውን ኮርስ የምሰጠው እኔ ነኝ። ሞጁሉን ማን እንዳዘጋጀው አይታወቅም። ከፎቶኮፒ ፎቶኮፒ እየተነሣ እኛ ጋ ሲደርስ ሥዕሎቹ ጥላሸት ሆነዋል። «ኢምፕሬሽኒስቶች የብርሃንና የቀለም ሰዎች ነበሩ» እላለሁ፤ ተማሪዎቹ አንድ ጥቁር ነጠብጣብ ላይ አፍጥጠው ይጽፋሉ። ፈተናው ላይ በ«ሀ» ረድፍ ያለውን ዘይቤ በ«ለ» ረድፍ ካለው ትርጉም ጋር አዛምድ ነው። ያዛምዳሉ፣ ያልፋሉ፣ ይረሱታል። እኔም ደሞዜን እቀበላለሁ።

አንድ ቀን ከሆመቾ የመጣች የመጨረሻ ዓመት ተማሪ እጇን አወጣች። ዝም የምትል ልጅ ናት፤ ስትናገር መስማቴ የመጀመሪያ ሳይሆን አይቀርም። «ቲቸር፣ ዘይቤ፣ ጎራና እንቅስቃሴ ልዩነታቸው ምንድን ነው?» አለችኝ። ከሞጁሉ ላይ አነበብኩላት። «እንደ አክስቴና ከሀቢቾ ተድረው እንደመጡት ሴቶች ማለት ነው?» አለች። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ከርዕሱ አትውጪ ብዬ አስቀመጥኳት። ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይግላል።

የመመረቂያ ወረቀቷን ርዕስ ይዛ ስትመጣ ግን በዚያው ጉዳይ ነበር። አማካሪዋ እኔ ስለሆንኩ «እስኪ መጥተሽ እዪ» ማለት አፍራ፣ «ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሆመቾ መኪና አይጠፋም» አለችኝ። ገባኝ፤ ሄድኩ።

አክስቷ ስድሳ ያለፋቸው፣ ሲራመዱ ሰው የማይጠብቁ ሴት ናቸው። አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው፤ የእኔ ሀዲይኛ ከዚያም ያነሰ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ሆሳዕና ሆኖ ማለት ነው። አባቴ ከሰሜን በመምህርነት ተመድቦ መጥቶ እዚሁ ቀረ፤ እኛ ልጆቹም ቤታችን ውስጥ በአማርኛችን ታጥረን አደግን። ሴትዮዋ ቤታቸው አስገቡኝ። የክቡ ቤት የውስጥ ግድግዳ ከጫፍ ጫፍ ተስሏል፤ ከታች ሰፊ ቀይ መቀነት፣ በላዩ ነጭና ጥቁር ጥርስ ጥርስ፣ ከዚያ በላይ እርስ በርስ የተያያዙ ክቦች። በየዓመቱ ያሆዴ፣ የሀዲያ ዘመን መለወጫ፣ ከመድረሱ በፊት ሴቶቹ የአምናውን በጭቃና በእበት ለስነው በላዩ አዲስ ይስላሉ። ይህን ማንም የሆሳዕና ሰው ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር፤ «ቤታቸውን ያሳምራሉ» ብዬ።

ሴትዮዋ ወደ ጎረቤት ይዘውኝ ወጡ። ሦስት ቤት ገባን። የመጀመሪያው ቤት ደጃፍ ላይ ቆመው፣ «ይቺ የሀቢቾ ልጅ ናት። ከበሩ ነው የምትጀምረው፤ እኛ ከበሩ ፊት ለፊት ካለው ነው የምንጀምረው» አሉ። ሁለተኛው ቤት ገብተው ጥርስ ጥርሱን በጣታቸው እየነኩ፣ «ይቺን አማቷ አስተማረቻት። አማቷን እኔ አስተማርኳት። ጣቷን እዪው፣ የእኔ ጣት ነው» አሉ። ሦስተኛው ቤት ሲደርሱ ሳቁ። ከዓመታት በፊት በአንድ ወቅት የተዳሩ ሙሽሮች ተማክረው የከሰሉን ጥቁር ትተው ያለቀ ባትሪ እየፈለጡ በባትሪ ድንጋይ መሳል ጀመሩ አሉኝ። አሮጊቶቹ ተቆጥተው በዚያ ያሆዴ ቤታቸው አንገባም አሉ። ሙሽሮቹም አልተመለሱም። አሁን ግማሹ መንደር በባትሪ ድንጋይ ነው የሚስለው።

ልጅቷ ከኋላችን ቆማ ትጽፋለች። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የአንዲት ሴት እጅ፣ ዘይቤ። ከማን ተማርሽ ብሎ ወደ ኋላ የሚቆጠረው፣ ጎራ። ተማክሮ አሮጌውን እምቢ ማለት፣ እንቅስቃሴ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እያነበነብኩ ያልገባኝን አንዲት ፊደል ያልቆጠሩ ሴት በአንድ ጠዋት አስረዱኝ። ስንለያይ እጃቸውን ይዤ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ። «እማማ፣ ግድግዳዎ ኮሌጅ ይገባል፤ ተጽፎ ይቀመጣል።»

ልጅቷ አርባ ገጽ ጻፈች። የአሥራ አንድ ሴቶችን ስም ከነአስተማሪያቸው ዘርዝራ፣ የየቤቱን ግድግዳ በእጇ ስላ። እንደዚያ ያለ የተማሪ ወረቀት አይቼ አላውቅም።

ገምጋሚዎቹ ሦስት ነበርን፤ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ሌላ አንድ መምህርና እኔ። ኃላፊው ገጹን ገለጥ ገለጥ አደረገና «ይሄ ስለ ጭቃ ነው» አለ። ልጅቷ ፊት ለፊታችን ቆማለች።

«ስለ ዘይቤ ነው» አልኩት።

«ማጣቀሻው የታለ? መጽሐፍ የለ፣ የሠዓሊ ስም የለ።»

«አሥራ አንድ ስም አለ። ገልጠህ እየው።»

«እነሱማ የመንደር ሴቶች ናቸው። ይሄ ማስዋብ ነው እንጂ ዘይቤ አይደለም።»

ይህ ሰው ክፉ ቢሆን እንኳ ይሻለኝ ነበር። ክፉ አይደለም፤ አንጋጫ አጠገብ የተወለደ የከምባታ ልጅ ነው፤ እናቱ በየዓመቱ ግድግዳቸውን ይስላሉ። ባለፈው ዓመት ፎቶውን በስልኩ ያሳየኝ ራሱ ነው፤ እንዴት ኮርቶ ነበር። «የእናትህ ቤት ግድግዳ ምንድን ነው ታዲያ?» አልኩት።

«የእናቴ ቤት የእናቴ ቤት ነው» አለ። «ኮሌጅ ደግሞ ኮሌጅ ነው።»

«ለመሆኑ ከኢምፕሬሽኒስቶቹ አንዱን ሥዕል በዓይንህ አይተህ ታውቃለህ?»

«ሞጁሉ ላይ አይቻለሁ» አለ፣ ምንም ሳያፍር። ሌላው መምህር ሰዓቱን አየ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ርዕስ ካልቀየረች ዘንድሮ አትመረቅም ተባለ። ልጅቷ ሞርሲቶ አንድ ትምህርት ቤት ሊቀጥራት ዲፕሎማዋን ብቻ ይጠብቃል፤ ዓመት ከጠፋ ቦታው ይሄዳል። በዘጠኝ ቀን ስለ ኢምፕሬሽኒዝም ጽፋ መጣች። ከስልኳ ላይ እንደገለበጠችው ከመጀመሪያው መስመር ያስታውቃል። አይታው ስለማታውቀው ወንዝ፣ አይታው ስለማታውቀው ጭጋግ። ኃላፊው «ወረቀት ማለት ይሄ ነው» ብሎ ኤ ሰጣት።

አማካሪ በሚለው ቦታ መፈረም ነበረብኝ። ፈረምኩ። ልጅቷ ትመረቅ፣ እንጀራዋን ላበላሽባት ነው እንዴ ብዬ ራሴን አባበልኩ። ያን ሁሉ ስጮህ ቆይቼ እስክሪብቶውን ሳነሣ ግን ለአፍታ እንኳ አላመነታሁም። ልጅቷ ወረቀቱን ስትቀበለኝ ዓይኔን አላየችም። አርባውን ገጽ ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አስገባሁት፤ አሁንም እዚያው ነው።

ያሆዴ ደረሰ። አክስቷ «መምህርቷን ይዘሻት ነይ» ብለው ልከውብኝ ሄድኩ። መንደሩ በሙሉ አዲስ ጭቃ ይሸታል። ባለፍንበት ደጅ ሁሉ ቀዩም ነጩም ገና አልደረቀም። የአክስቷ ቤት ስንገባ ግን ግድግዳው የአምናው ነው። ጭስ አጥቁሮታል፤ ክቦቹ ተሰነጣጥቀዋል፤ በበሩ በኩል ጥርስ ጥርሱ ረግፎ ጭዱ ይታያል።

ታመው ነው ብዬ ደነገጥኩ። «እማማ፣ ምነው? አሞዎት ነው?»

«ደህና ነኝ» አሉ። «ኮሌጅ የገባውን እንዴት እለስነዋለሁ? ትልልቆቹ ሰዎች መጥተው ቢያዩ ከወረቀቱ ጋር ሊለያይ ነው።»

ከተዳሩ ጀምሮ አንድም ያሆዴ በአሮጌ ግድግዳ ውለው አያውቁም። ጎረቤቶቹ ጠዋት ሲመጡ «ምን ነካሽ፣ ደከመሽ እንዴ?» ሲሏቸው «ተጽፏል እኮ» እያሉ መልሰዋቸዋል። ይህን ሁሉ የነገሩኝ እየሳቁ ነው። ልጅቷን አየኋት። አንገቷን ደፍታለች። አልነገረቻቸውም። እንዴት ትነግራቸዋለች፤ አፌን ሞልቼ ቃል የገባሁት እኔ፣ የፈረምኩት እኔ።

እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ኃላፊውን ልረግመው ፈለግሁ፤ ስሙ አፌ ላይ አልመጣልኝም። ሌላ መላ አልነበረኝም። «እማማ፣ ወረቀቱ ተቀይሯል» አልኩ። «የእርስዎ ግድግዳ የለበትም። ስለ ፈረንጆች ሥዕል ነው ያለው። ይሁን ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

ተነሥተው አጣካናውን፣ የበዓሉን የቡላ ምግብ፣ ቅቤው እንዳጠለለው አምጥተው ፊቴ አስቀመጡ፤ «ብይ፣ ሳይቀዘቅዝ» አሉኝ። ቆመው ግድግዳውን ከበሩ ፊት ለፊት ጀምረው እስከ በሩ ዞረው አዩት።

«ከበዓሉ በፊት ብትነግሪኝ ኖሮ እለስነው ነበር» አሉ።