የጠጂቱ ቀጋ

ጠጂቱ የባሌ እህት ናት፤ አልወዳትም። ደላንታ ውስጥ ግን እሾሃሙን ቀጋ ለአጥር እንደ እሷ የሚያሳድግ ሰው የለም፤ ይህን አልክድባትም። ክረምት ሲገባ ረዥሙን ቅርንጫፍ አጉብጣ፣ ልጡን በቢላ ጫር ጫር አድርጋ አፈር ታለብሰዋለች፤ ድንጋይም ትጭንበታለች። ሥር ሲሰድ ከእናቱ ትቆርጠዋለች። ነጩ አበባ ሲፈነዳ ሽታው መንደሩን ያዳርሳል። ልጆች ቀዩን ፍሬ ሊለቅሙ ሲጠጉ ግን በድንጋይ ታባርራቸዋለች።

አጥሯ ከጎረቤቷ ከአያ ይመር ማሳ ጋር ያዋስናታል። ቅርንጫፉን ሁልጊዜ የምትቀብረው በእሱ በኩል ነው። አዲሱ ሲጠና የኋላውን ቆርጣ ታነደዋለች። እንዲህ እያለች አጥሩን ገፋችው፤ ይመር ሊያገባ ለተቃረበው ልጁ ጎጆ ሊቀልስበት ያሰበው ቁራጭ መሬት ወደ እሷ ገባ። የሙሽራይቱ አባትም ቤት መሥሪያ ለሌለው ልጄን አልሰጥም ብሎ ቁርጡን ተናገረ።

ይመር ሽማግሌ ሰበሰበ።

"አጥሩን እየገፋሽ መሬቴን በላሽው" አላት።

"አጥር እግር አለው እንዴ፣ አያ ይመር? ድንበራችን ድሮም ቀጋው ነው። ቀጋ የበቀለበት ድንበር ነው፣ አለቀ።"

"ቃልሽ ነው?" አሏት የሽማግሌዎቹ አንጋፋ አያ ደምሌ።

"ቃሌ ነው።"

ይመር ምስክር ስላልነበረው አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ። ለመስቀል ሰሞን ድንበሩን በድንጋይ ሊያጸኑ ተቀጣጥረው ተለያዩ። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ፤ እንዲህ ዓይን ያወጣ ቅሚያ አይቼ አላውቅም።

ጠጂቱ መታገሥ አቃታት። ፍየሎቿ ሲግጡት የኖረውን ያንን መሬት በዚያው ክረምት አሳርሳ ገብስ ዘራችበት። ማረሻው የድሮውን አጥር ሥር በጣጠሰው፤ ቀጋ ደግሞ ሥሩ ሲቆረጥ ከየቁራጩ ያቆጠቁጣል። ገብሷ መሃል ቀያይ ቡቃያ በረድፍ ወጣ። ብትነቅለው፣ ብትነቅለው ተመልሶ ይበቅላል።

ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ክንዷ ተቦጫጭሮ ነበር።

"ምን ነካሽ?" አሏት አያ ደምሌ።

"ድመት ቧጨረችኝ።"

"ጉድ ነው፤ ነብር ነው እንዴ የምታሳድጊው?" ብለው ወደ ገብሱ ገቡ። በበትራቸው ገለጥ ገለጥ አድርገው ቡቃያውን አዩና የመጀመሪያውን ድንጋይ እዚያው አስቀመጡ።

"አያ ደምሌ፣ እሱ እኮ አረም ነው" አለች።

"ድሮም ቀጋ የበቀለበት ነው ያልሽው አንቺ ነሽ፤ የድሮው ሥር ይኸው" አላት ይመር።

የይመር ልጅ ጎጆውን በተመለሰው መሬት ላይ ቀለሰ። ጠጂቱ ስትለፋበት የኖረችው አጥር ሙሉ ለሙሉ የሙሽራይቱ ግቢ ውስጥ ቀረ። ልጆች እንደ ልባቸው ፍሬውን ሲለቅሙ ጠጂቱ በሯ ላይ ቆማ ታያለች። እኔም ቆሜ እሷን አያታለሁ፤ አላዘንኩላትም።