ግፊቱ እንዳይወርድ

በደርግ ዘመን ስታሰር፣ ደብረ ታቦር መጀመሪያ ያስገቡኝ ክፍል የገብስ መጋዘን ነበር። ገለባው ከወለሉ ገና አልተጠረገም። እዚያው ላይ እንተኛለን፤ እዚያው ላይ እንታመማለን፤ ስማችን ሲጠራ ተነስተን እንወጣለን።

ውስጥ እግሬን ገርፈው ከመለሱኝ በኋላ ግራ እግሬ አበጠ፣ መግል ያዘ፣ ከዚያም ሸተተ። መርማሪዬ ሆስፒታል እንድወሰድ ፈቀደ። ርኅራኄ እንዳይመስላችሁ። የጓደኞቼን ስም ገና አልሰጠሁትም ነበር።

ቀዶ ጥገና ክፍሉ ድረስ ተከትሎኝ ገባ። የማደንዘዣ ባለሙያዋ አጭር ሴት ነበረች። ምላሴን አየች፤ የደም ግፊቴን ለካች፤ ፊቷ ተለወጠ።

«ውኃ መቼ ጠጣህ ወንድሜ?»

«ትናንት ጠዋት፣ ትንሽ።»

ወደ መርማሪው ዞረች። «ጀርባውን ወግቼ ነው ከወገቡ በታች የማደነዝዘው። ያን ጊዜ ደሙ ወደ እግሩ ይሸሻል። እንዲህ ደርቆ ከወጋሁት ግፊቱ ይወርድና እጄ ላይ ይቀራል። መጀመሪያ ግሉኮስ ይግባለት። ካቴናውንም ፍቱለት።»

«ለጸረ አብዮት ግሉኮስ? የቆሰለ ወታደር እያለ?»

«እንግዲያውስ ጓድ፣ መርፌውን እርስዎ ይውጉት።»

ካቴናው ተፈታ። ጠርሙሱ እስኪያልቅ ጠበቀች፤ ከዚያ ወጋችኝ። እግሬ ሞቀ፣ ከበደ፣ ጠፋ። ከታሰርኩ ወዲህ ሕመም ያልነበረበት ሰዓት ያ ብቻ ነው። እሱንም አልተወልኝም። ሐኪሙ አጥንቴን ሲፍቅ መርማሪው ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

«አልተኛህም አይደል? ስም ጥራ!»

አቅለሸለሸኝ። ጣሪያው ጨለመ። «ግፊቱ እየወረደ ነው፣ ዞር በሉ!» ብላ በትከሻዋ ገፋችው። ሌላ ጠርሙስ ሰቀለች፤ በደም ሥሬ መድኃኒት ሰጠችኝ። ብርሃኑ ቀስ እያለ ተመለሰ። እሱም ተመለሰ።

«ስም!»

የራሴን ስም ነገርኩት። ቀጥዬ የአባቴን፣ የአያቴን፣ የቅድመ አያቴን። እስከ ሰባት ቤት ቆጠርኩለት።

በጥፊ መታኝ። ሴትዮዋ ከንፈሬን በጥጥ ጠረገችልኝ። 

ቁስሉ ሲሽር ወደ መጋዘኑ መለሱኝ። በዳነው እግሬ ላይ ግርፋቱን እንደገና ጀመሩ።

ዛሬ እያነከስኩ ነው የምሄደው። «ያለፈው አልፏል፣ ይቅር በል» የሚሉኝ አሉ። ጥፊውን ይቅር ብዬው ይሆናል። ያቺ ሴት ሕይወቴን በጠብታ ስትመልስ፣ መልሶ ሊገርፈኝ ቆሞ ይጠብቅ የነበረውን ሰው ግን ይቅር የምልበት አፍ አላገኘሁም። እኔ ሸምግያለሁ፤ ንዴቴ አላረጀም።