የተጾመላቸው አዛውንት

በደርግ ዘመን ጂንካ በሐኪምነት ስሠራ፣ ትምህርታቸውን እንደጨረሱ የሚመደቡልንን ወጣት ሐኪሞች ማለማመድ የእኔ ሥራ ነበር። ጎበዞች ነበሩ። አንድ በሽታ ስጧቸው፣ ልክ ያስገቡታል። ስኳር፣ ደም ግፊትና አስም አንድ ሰው ላይ ተደራርበው ሲመጡባቸው ግን ለእያንዳንዱ በሽታ የየራሱን ክኒን ያዝዙና ሰውየውን ይረሱታል። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ እቆጣለሁ።

ከሁሉም አብልጬ የምወዳት፣ ስለዚህም አብዝቼ የምቆጣት አንዲት ወጣት ሐኪም ነበረች። ሦስቱንም በሽታዎች የተሸከሙ፣ አማርኛ እምብዛም የማይቀናቸው አንድ አዛውንት የአሪ ብሔረሰብ ገበሬ እሷ ዘንድ ይታከሙ ነበር። ከከተማው በላይ ካለው መንደር ሚስታቸው ክንዳቸውን ይዘው ያመጧቸዋል። አዛውንቱ ክኒናቸውን በደንብ የሚውጡ ሰው ናቸው፤ ስኳራቸው ግን አልወርድ አለ። ልጅቷ መድኃኒቱን ጨመረችላቸው። "አባባ፣ አንድም ቀን እንዳያልፍዎት!" ብላ አስጠነቀቀቻቸው።

አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቶቻቸው በቃሬዛ ተሸክመዋቸው እየሮጡ ገቡ። ላብ አጥምቋቸዋል፤ ቢጠሯቸው አይሰሙም። ስኳራቸው ከልክ በላይ ወርዶ ነበር። ግሉኮስ በደም ሥራቸው ስንሰጣቸው ዓይናቸውን ገለጡና በመጀመሪያ የሚስታቸውን እጅ ፈለጉ።

"ዛሬ ምን በሉ?" አልኳቸው።

"ምንም።"

"ክኒኑንስ?"

"ዶክተር አይለፍ አለ። በውኃ ዋጥኩት።"

ነገሩ ወዲህ ነው። የወንጌላውያን ጸሎት ቤታቸው በመንግሥት ታሽጎ ስለነበር ምእመናኑ የሚሰበሰቡት በአዛውንቱ ቤት ነበር። እሳቸው እንዲድኑ ብለው ረቡዕ ረቡዕ እስከ ማታ ይጾሙላቸዋል። ልጅቷ መድኃኒቱን መጨመሯን ሲሰሙ ደግሞ ሕመሙ የባሰባቸው መስሏቸው ዓርብንም ጨመሩ።

ልጅቷ "ጾም ክልክል ነው!" ብላ ልትጮህ ስትል ክንዷን ያዝኩ።

"መጀመሪያ ጠይቂያቸዋ!" አልኳት።

አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ለምን እንዳልበሉ ጠየቀቻቸው።

"ሰው ለእኔ ብሎ ይራባል፤ እኔ እንዴት ይበላል?" አሉ አዛውንቱ። 

ወደ ውጭ ስንወጣ የልጅቷ እንባ ዱብ ዱብ አለ። "መጽሐፉ ስኳሩን አውርዱ ነው የሚለው" አለችኝ።

"መጽሐፉ እኚህን ሰው መቼ ያውቃቸውና? ደግመው ከወደቁ ላይነሱ ይችላሉ። ካለባቸው ነገር ሁሉ ቶሎ የሚገድላቸው የትኛው እንደሆነ አይተሽ ምረጪ።"

ፊቷን ጠራርጋ ተመለሰችና የስኳሩን ክኒን ራሷ ቀነሰችው። ስኳራቸው ትንሽ ከፍ ብሎ ቢቀመጥ ይሻላል አለች። ቆየት ብላ ደግሞ "ግን ዓርብ ሲመጣ መጾማቸው አይቀርም። ቤታቸው እንሂድ" አለችኝ። ደስ አለኝ፤ ይህን እኔ አልነገርኳትም።

ዓርብ ሄድን። ቤቱ ጢም ብሎ ነበር። ልጅቷ ቆማ ክኒኑ ያለ ምግብ ምን እንደሚያደርግ አስረዳች፤ እናንተ ጹሙላቸው፣ እሳቸው ግን ይብሉ አለቻቸው። ጸሎቱን የሚመሩት ሽማግሌ ጥቂት አሰቡና "እኛ ይጾማል፤ እሱ ይበላል" ብለው ተስማሙ።

ሚስታቸው የተቀቀለ ጎደሬ በሳህን አቀረቡ። አዛውንቱ ለእሳቸው ሲሉ በተራቡት ሰዎች መሐል ሳህኑን ይዘው አቀረቀሩ። ከሳህኑ ምንም አልቆረሱም። ልጅቷ ዞራ አየችኝ።

ያኔ ሚስታቸው፣ አንድም ጾም አፍርሰው የማያውቁት ሴት፣ አጠገባቸው መጥተው ተቀመጡ። ከሳህኑ ቆርሰው ወደ ገዛ አፋቸው ከተቱ። ሁሉም አየ። አዛውንቱ ሚስታቸው ሲያላምጡ አዩ፤ ከዚያም ቆርሰው በሉ።