ልጄ የጠመንጃ ፈቃድ ያወጣ ጊዜ

ልጄን ያሳደግሁት ከጠመንጃ እያሸሸሁ ነው። ይኸን አስቀድሜ ካልተናገርሁ ያደረግሁትን ሁሉ የሚሰማ ሰው አበደች ይለኛል። ትምህርት ብዙም አልዘለቅሁም፤ ጎንደር ከገባሁ በኋላ በማታ ፊደል ለየሁ፣ እንደምናገረውም እጽፋለሁ።

አገሬ ጃናሞራ ነው፤ ከመካነ ብርሃን ተነሥቶ በእግር ሽቅብ የሚወጣበት ቀበሌ። ባሌ የተገደለው እዚያ ነው። ከጎረቤት ጋር በሣር ድንበር ተጣሉ፤ ጠዋት ተሰዳድበው ከሰዓት በኋላ ተታኮሱ። ልጄ ገና ጡት አልጣለም። በለቅሶው ቀን የባሌን ጠመንጃ ከሰው መካከል አቆሙና ዝናሩን አምጥተው በልጄ አንገት አጠለቁት። በእኛ ዘንድ እንዲህ ነው የሚደረግ፤ ደሙ የማን እንደሆነ ሰው እንዲያይ። ዝናሩ ከልጁ ይከብዳል። ወደ ፊት ተደፋብኝ። ወንዶቹ በለቅሶ መካከል ሳቁና «አይዞህ፣ ትለምደዋለህ!» አሉት።

ያን ጊዜ ቆረጥሁ። ተዝካሩን እንዳወጣሁ ልጄን አዝዬ ጎንደር ወረድሁ። ጠመንጃው ከባሌ ታላቅ ወንድም እጅ ቀረ፤ ምዝገባው ግን በሟቹ ስም እንደሆነ ነው። ገዳዩ ታሰረ፣ ፍርዱን ጨርሶ ከቤቱ ገባ። ከመንግሥት ጋር ያለውን ጨረሰ እንጂ ከእኛ ጋር እርቅ አልወረደም፤ እርቅ ካልወረደ ደግሞ የሟች ልጅ ሲያድግ የአባትህን ደም መልስ ተብሎ ይጠየቃል።

ስለዚህ ልጄን ያን አገር አንድ ቀን አላሳየሁትም። ቅዳሜ ገበያ በርበሬና ቅመም እየሸጥሁ አስተማርሁት። አጎቱ ከላይ በወረደ ቁጥር «ልጁን ስጪኝ፣ ክረምቱን ከኔ ጋር ይክረም» ይለኛል። እኔ አሞታል እላለሁ፣ ፈተና አለበት እላለሁ። በመጨረሻ ካናዳ የሚባል አገር ተሳካለትና ሄደ። ሌላዋ እናት ልጇን ስትሸኝ ታለቅሳለች። እኔ እልል አልሁ። ጎረቤቶቼ ታዘቡኝ፤ ይታዘቡ። ጠመንጃ ከማይደርስበት አገር ገባ ብዬ እፎይ አልሁ።

እዚያ ሥራ ያዘ፣ የሥጋ ፋብሪካ ነው። ሚስት አገባ። ዘንድሮ ጾም በገባ ሰሞን ደውሎ «እማ፣ ፋሲካ እንዳለፈ እመጣለሁ» አለኝ። ደስታዬን ሳልጨርስ ቀጠለ።

«ደግሞ ፈቃዴን አወጣሁ።»

«የምን ፈቃድ?»

«የጠመንጃ።»

በርበሬ እየነፋሁ ነበር። ወንፊቱን አስቀመጥሁት።

«ማን ጠላት አለህ?» አልሁት።

«የምን ጠላት፣ እማ! ለአደን ነው። የፋብሪካ ጓደኞቼ አጋዘን ያድናሉ፣ አብሬ ልሂድ ብዬ ነው።»

«በጥይት የሞተ አጋዘን ማን ባርኮት ይበላል?»

«እኔው በስመ አብ እለዋ» ብሎ ሳቀ።

ከዚያ እንዴት እንደሚወጣ ዘረዘረልኝ። ትምህርት አለው አለ፣ ፈተና አለው፣ የሚያውቁትን ሰዎች ስልክ ደውለው ጠባዩን ይጠይቃሉ። ሚስቱን ሳይቀር ጠይቀዋታል፣ ባልሽን ትፈሪያለሽ ወይ ብለው።

«እናቱንስ አይጠይቁም?»

«እናት አይጠይቁም፣ እማ።»

እኔን ቢጠይቁኝ የምለውን አውቅ ነበር። ስልኩን ዘጋሁና በርበሬውን ድጋሚ መንፋት ጀመርሁ፤ የተነፋውን መልሼ እየነፋሁት እንደነበር ያወቅሁት ካለቀ በኋላ ነው። አጋዘን ብሎ ነገር አልገባኝም። እኔ ባደግሁበት አገር ሰው ጠመንጃ ሲፈልግ ወይ ተነክቷል፣ ወይ ሊነካ ነው። ልጄ ሥጋ ፋብሪካ እየዋለ ሥጋ ፍለጋ ጫካ ይገባል ቢሉኝ እንዴት ብዬ ልመን? ጠመንጃ ተማረ፣ ከዚያ እመጣለሁ አለ። ሁለቱን ሳገጣጥማቸው ለአባቱ ደም የሚመጣ ሆኖ ታየኝ።

በማግሥቱ አጎቱ ደወለ። ልጄ የፈቃዱን ካርድ ፎቶ አንሥቶ ልኮለታል። አፉን ሞልቶ «ሰማሽ? ወንድ ልጅ ወጣ! መንግሥት ፎቶውን ለጥፎ ፈቀደለት!» አለኝ።

«አያ፣ ለአደን ነው ብሏል እኮ።»

«አደንማ ነው!» አለና ሳቀ። «ይምጣ ብቻ። የአባቱን መሣሪያ በስሙ አዞርለታለሁ።»

ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድ አለኝ። ገበያ ተቀምጬ ደንበኛ ሩብ ኪሎ ሲለኝ ግማሽ እሰፍራለሁ። ልጁን አትምጣ እንዳልለው ናፍቆቱ አለ፤ ና እንዳልለው አጎቱ ዝናሩን ይዞ ይጠብቀዋል። ቢቸግረኝ አንድ ነገር ቆረጥሁ፤ ልጄ ሳይደርስ እኔ ራሴ ከገዳዩ ቤት ሄጄ እርቅ ልለምን።

መንገዱ በተኩስ ተዘግቶ ነበርና ይከፈት እንደሆነ እየጠየቅሁ ሰነበትሁ፤ ተከፈተ ሲሉኝ ተሳፈርሁ። ከጎኔ ክላሹን በጉልበቶቹ መካከል ያቆመ ጎልማሳ ተቀምጧል። ኮሶዬ ላይ ማኪናው ቆመና ሰው ሁሉ ወርዶ በላ። ጎልማሳው ሽሮ በእንጀራ ጠቅልሎ አመጣልኝ።

«እናቴ፣ ምነው አትቀምሺም?»

«ጾም ነኝ።»

«ሽሮ እኮ ነው!»

አፈርሁና ተቀበልሁት። አልበላሁትም እንጂ። ይልቅ በሕይወቴ ማንንም ጠይቄ የማላውቀውን ጠየቅሁት። «ለዚህ ነገር ፈቃድ አለህ?»

«ምነው፣ ቀበሌ ነሽ እንዴ?» አለና ማኪናውን አሳቀብኝ። ከዚያ ራራልኝ መሰለኝ፣ «አለኝ። ግን ከገዛሁት ከስንት ዘመን በኋላ ነው መዝግቡኝ ብዬ የሄድሁ። መጀመሪያ መሣሪያው ነው፣ እናቴ። ፈቃድ ምን ይተኮሳል?» አለኝ።

ደባርቅ አደርሁ፣ ከዚያ መካነ ብርሃን፣ ከዚያ በእግሬ። ገዳዩ ቤት ደጃፍ ስደርስ እግሬ ቆመ። እንዴት እንደሚገባ አላውቅም። በእኛ ሥርዓት እርቅ የሚለምነው የገዳይ ወገን ነው፤ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ከሟች ቤት ደጅ ይወድቃል። የሟች ሚስት ከገዳይ ደጅ ስትሄድ አይቼም ሰምቼም አላውቅም። ውሻው ጮኸ። ምን አደረግሁ፣ ከካቡ አንድ ድንጋይ አነሣሁና አንገቴ ላይ አድርጌ ገባሁ።

የገዳዩ ሚስት ገብስ ታሰጣለች። ቀና ብላ አየችኝ፣ ለየችኝም። እጇን ከገብሱ አነሣች።

«ማን ሞተ?» አለች።

«ማንም አልሞተ። እንዳይሞት ነው የመጣሁ።»

«አውርጂው! እቴ፣ በመድኃኔ ዓለም አውርጂው! እኛ የምንሸከመውን አንቺ ተሸክመሽ መዓት ታመጭብናለሽ!» ብላ ድንጋዩን በሁለት እጇ ነጠቀችኝ። ከሁለታችን እጅ አምልጦ ገብሱ ላይ ወደቀ።

ሰውዬው ከጓዳ ወጣ። ያን ሁሉ ዘመን በሐሳቤ ግዙፍ ነበር። ሳየው ትንሽ ሽማግሌ ነው፣ ጋቢው ይበዛበታል። ቁጭ በይ አላለኝም፣ ሂጂም አላለኝ።

«ምን ፈልገሽ መጣሽ?»

እርቅ ብዬ ልጀምር አሰብሁ፤ አፌን ስከፍት ግን የወጣው ሌላ ሆነ። «ልጄ ሊመጣ ነው። ጠመንጃ ፈቃድ አውጥቷል።»

ሰውዬው ወደ ሚስቱ ዞረ። «ለልጃችን ደውዪ። ላሟን ሸጦ ክላሽ ይግዛ» አላት።

ላሸሽ የመጣሁትን ነገር እኔው ጎትቼ አመጣሁት። ሴትዮዋ እንደኔው እናት ናት፣ ልጇ ደባርቅ ነው፤ ስልኳን አወጣች። እኔም የእኔን አወጣሁ። «ቆይ! አትደውዪ፣ ቆይ! እሱ ራሱ ይንገራችሁ፣ ልጄ ይንገራችሁ» አልሁ። ከግቢው ኔትወርክ የለም። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ የሚይዝ ቦታ አለ አሉኝና ሦስታችን ዳገቱን ወጣን። እሱ ከፊት፣ እኛ ሁለታችን ከኋላ፣ ማንም ማንንም ሳያናግር። የሚያየን ሰው ቤተ ዘመድ ለለቅሶ ሲሄድ ይመስለዋል።

ልጄ በእንቅልፍ ድምፅ አነሣ። «እማ? ምን ሆንሽ?»

«ደኅና ነኝ። ጠመንጃውን ለምን እንደፈለግኸው እስኪ ድገምልኝ።»

«ለዚህ ቀሰቀስሽኝ? ለአጋዘን አላልሁሽም? ደግሞ ገና አልገዛሁም።»

«አልገዛሁም አለ?» አለ ሰውዬው ጆሮውን ወደ ስልኩ አቅርቦ።

«ማነው እሱ?» አለ ልጄ።

ጎረቤት ነው ልል እችል ነበር። ሴትዮዋ ዐይን ዐይኔን ታየኛለች።

«አባትህን የገደለው ሰው ነው» አልሁት።

ከአልጋ ሲነሣ ሰማሁት። «ምን ይፈልጋል?» አለ።

ሰውዬው ለቤተ ክርስቲያኑ ይሁን ለልጄ እንጃ፣ ከራሱ ላይ ፎጣውን አወረደ። «ጠመንጃ ሳትገዛ ነው ፈቃድ ያወጣኸው?»

«አዎ። እዚህ መጀመሪያ ፈቃዱ ነው። ሲገዛም ይቆለፍበታል፣ ጥይቱም ለብቻው ይቀመጣል።»

«ታዲያ ጠላት ሲመጣ?»

«ጠላት አለብኝ ላለ ሰውማ አይሰጡትም። ይጠይቃሉ።»

ሰውዬው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «ወይ ጉድ! ጠላት ላለው የማይሰጥ ምን ያለ ጠመንጃ ነው?» ብሎ ለራሱ አወራ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔስ ጠላትህ አይደለሁም?» አለው።

«አባቴን አላስታውሰውም። አንተንም አላውቅህም። እናቴን ነው የማውቅ፤ እሷን እንዳታስደነግጧት።»

ሰውዬው ፎጣውን በጉልበቱ ላይ አጠፈ። «እንዲያ ከሆነ ስትመጣ ሽማግሌ ይዤ ጎንደር እወርዳለሁ። ድንጋዩንም ራሴ እሸከማለሁ» አለ። ልጄ እሺ ሲል ሰምቻለሁ፤ ከዚያ ኔትወርኩ ሄደ። ኔትወርኩ እንደተመለሰ ሴትዮዋ ከልጇ ጋር ታወራ ጀመር። «ላሟን እንዳትነካት! እንዳትሸጣት ነው የምልህ፣ ሰማህ?» እያለች እዬዬ ትላለች። ልጁ የምን ላም ነው የምትይኝ ሳይላት አልቀረም፤ ገና ማንም ምንም አልነገረውም።

ጎንደር ስመለስ ወሬው ቀድሞኝ ለልጄ አጎት ደርሶታል። ከቤቴ ደጃፍ ዱላውን ተደግፎ ቆሟል።

«የሟች ወገን ሆነሽ ድንጋይ ተሸከምሽ? አዋረድሽን!»

«ግባ፣ አያ። ከደጅ አትጩህብኝ።»

ገባ፣ አልተቀመጠም። «ይታረቃል እንዳልሽው ይታረቅ። ግን መሣሪያው በልጁ ስም ሳይዞር አይሆንም። የአባቱ ነው፣ ይገባዋል። አንቺ ሚስት ነሽ፣ ትፈርሚያለሽ፤ መዝጋቢው ቢሮ ፊርማሽን ነው የሚጠብቅ።»

«አልፈርምም።»

«ታዲያ በሞተ ሰው ስም ይቅር?»

«በአንተ ስም ይዙር» አልሁት። «ታላቁ አንተ ነህ። ያቆየኸውም አንተ ነህ። ለአንተ ከሆነ አሁኑኑ ሄጄ እፈርማለሁ።»

 ዱላውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዞረ። ደሙ ካልደረቀ ተበቀል የሚባለው ጠመንጃው በስሙ ያለው ሰው እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል።

«እኔማ ልጆች አሉኝ» አለ።

«እኔስ?»

አጎንብሶ ጫማውን አየ። ውኃ ስጪኝ አለ፣ ሰጠሁት፣ ቆሞ ጠጣ። «እንግዲህ ሽማግሌዎቹ ይውረዱ» ብሎ ወጣ። የመሣሪያውን ነገር አላነሣም፣ እኔም አላነሣሁበትም።

ልጄ ቲኬቱን ቆርጧል። ሽማግሌዎቹ እንወርዳለን ብለው ልከዋል፤ ይወርዱ አይወርዱ መንገዱ ያውቃል። አጎቱ ይመጣ ይሆን፣ ቢመጣስ ባዶ እጁን ይመጣ ይሆን፣ አላውቅም። ከደባርቅ ማኪና ገባ በተባለ ቁጥር ሚዛኔን ለጎረቤቴ ትቼ መናኸሪያ ድረስ እሄዳለሁ፣ የሚወርደውን ሰው ሁሉ እጁን አያለሁ።